የውድድር ጠዋት ቁጥሩ ወረደ፤ ላሰልፋት ወይስ ላስቀራት?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ክለብ አሰልጣኝ ነኝ። 1,500 እና 5,000 ሜትር የሚሮጡ ወጣቶች አሉኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ የልብ ምት የሚለካ የደረት ቀበቶ ልኮልኝ ጠዋት ጠዋት በስልክ አፕ እየለካኋቸው ነው። አፑ የልብ ምት መለዋወጥ ወይም ኤችአርቪ የሚባል ቁጥር ይሰጣል። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ አለችኝ። ልምምድ ላይ የሚደርስባት የለም፤ ውድድር ላይ ግን ‹እግሬ ከዳኝ› ትላለች። ባለፉት ሁለት ውድድሮች ጠዋት ቁጥሯ ክፉኛ ወርዶ ነበር። ፍርሃት ነው ማለት ነው? እንዲህ ሲወርድ ላሰልፋት ወይስ ላስቀራት? በአተነፋፈስ ልምምድ ይስተካከላል የሚሉም አሉ። እውነት ነው?»

ምላሽ፦

አሰልጣኝ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዋናውን ላስቀድም፤ ያሰልፏት። በአንድ ጠዋት ቁጥር ብቻ ልጅ ከውድድር አትቀርም። ፍርሃት ነው ወይ ላሉት፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ቁጥሩ ግን ይህን ሊነግርዎት አይችልም። የአተነፋፈሱ ነገር እውነት አለው። እንዲያውም ያ የደረት ቀበቶ ለዚህች ልጅ ይበልጥ የሚጠቅማት እዚያ ላይ ይመስለኛል።

መጀመሪያ አፑ ምን እንደሚቆጥር እንይ። የልጅቷ ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ መታ ማለት ልክ በየሰከንዱ መታ ማለት አይደለም። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል 980 ሚሊ ሰከንድ፣ ቀጥሎ 1,040፣ ከዚያ 1,010፣ ከዚያ 950 ሊሆን ይችላል። አፑ ተከታታዮቹን አንዱን ከአንዱ ይቀንሳል። ልዩነቱ 60፣ 30 እና 60 ይመጣል። እያንዳንዱን በራሱ ያባዛል፣ አማካዩን ያወጣል፣ የአማካዩን ስኩዌር ሩት ይወስዳል። እዚህ ምሳሌ ላይ 52 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። አርኤምኤስኤስዲ የሚባለው ይኸው ነው። ብዙ አፖች ይህን ወስደው ከመቶ የታረመ ፈተና አስመስለው ያቀርቡታል። ጥሬውን ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ እሱን ይያዙ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ልብ የራሱ ምት ሰጪ አለው። ነርቭ ባይነካው በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ይመታ ነበር። የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ነርቩ ስለሚቆረጥ አርፈው ቁጭ ብለው እንኳ ልባቸው ፈጠን ብሎ ይመታል፤ መለዋወጡም እምብዛም የለም። የእኔንና የእርስዎን ልብ በዕረፍት ጊዜ ወደ 70፣ የሯጮችዎን ደግሞ ወደ 45 የሚያወርደው ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ነው። ፍሬን በሉት። አየር ስንስብ ፍሬኑ ላላ ይላል፣ ልብ ይፈጥናል። ስናስወጣ ይያዛል፣ ልብ ይዘገያል። ቬገስ በአንድ ምት ውስጥ መያዝም መልቀቅም ይችላል። አፋጣኙ፣ ሲምፓቴቲክ የሚባለው ሥርዓት ግን ለመነሳትም ለመብረድም ሰከንዶች ይፈጅበታል። ስለዚህ ከምት ወደ ምት የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የቬገስ ሥራ ነው። አፑ ያወቀው ይህን ብቻ ነው። አንዳንዶቹ አፖች ኤልኤፍ እና ኤችኤፍ የሚባሉ፣ የመለዋወጡን ዘገምተኛና ፈጣን ክፍል የሚለኩ ሁለት መለኪያዎችን አካፍለው «የጭንቀት ሚዛን» ብለው ያሳያሉ። ይህ ነገር ለዓመታት ሲሠራበት ቢቆይም የፊዚዮሎጂ ሰዎች ክፉኛ ተችተውታል። እኔ ከነጭራሹ አላየውም።

የሥነ ልቦና ሰዎች ወደዚህ የገባነው በዋናነት ጁሊያን ቴየርና ሪቻርድ ሌን በ2000 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ ነው። ስሜትንና ትኩረትን የሚገራው የፊተኛው አንጎል ክፍልና ቬገስ በአንድ መረብ የተያያዙ ናቸው ይላሉ። በብዙ ሰዎች ላይ አማካይ ሲወሰድ በዕረፍት ጊዜ ከፍ ያለ መለዋወጥ ያላቸው ስሜታቸውን የመግራት አቅማቸውም ሻል ይላል። ግንኙነቱ ግን ደካማ ነው። ከዚያ ተነስቶ የአንዲትን ልጅ የአንድ ማክሰኞ ጠዋት ሆድ ማንበብ አይቻልም።

ለምን ቢሉ፣ ፍሬኑ የሚላላበት ምክንያት ብዙ ነው። ትናንት ከባድ ኢንተርቫል፣ ማለትም ፈጣን ሩጫና ዕረፍት የሚፈራረቁበት ልምምድ፣ ሠርታ ይሆናል። ጉንፋን ሊጀምራት ይሆናል፤ አንዳንዴ ቁጥሩ ከማስነጠሱ ቀድሞ ይወርዳል። ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ወይም ስድስት ሆነው በሚተኙበት ክፍል እንቅልፍ አጥታ ይሆናል። ቆላ አካባቢ ቤተሰብ ጠይቃ ሱሉልታ ከተመለሰች ገና ሁለተኛ ቀኗ ከሆነ ከፍታው ብቻውን ሊያወርደው ይችላል። ከቤት ተደውሎ ገንዘብ ላኪ ተብላ ይሆናል። የወር አበባ ዑደትም አለ። በብዙ ሴቶች ላይ እንቁላል ከወጣ በኋላ ባሉት ቀናት ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህን እርስዎ ለመጠየቅ ከከበደዎት ሴት ረዳት ትጠይቅ። ሳይጠይቁ ግን የሴት ሯጭን ሠንጠረዥ ማንበብ አይሆንም።

ደግሞ ውድድሩ ራሱ አለ። የውድድር ጠዋት ቁጥር ዝቅ ማለት በቢኤምኤክስ ብስክሌተኞች፣ በጁዶ ተፋላሚዎችና በዋናተኞች ላይ ተለክቶ የታወቀ ነው። ሰውነት ሥራ እንዳለበት አውቆ ፍሬኑን እያላላ ነው። ጥሩ የሚሮጥ ሰው ላይም ይወርዳል፣ የሚርድ ሰው ላይም ይወርዳል። ፍርሃትና ጉጉት ደረት ላይ ባለው ቀበቶ በኩል ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ልጅቷ ለራሷ የምትሰጠው ትርጉም ነው። የሃርቫርዷ ተመራማሪ አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ሰዎች ካራዮኬ ከመዝፈናቸው፣ ንግግር ከማድረጋቸውና የሒሳብ ፈተና ከመውሰዳቸው በፊት ስሜታቸውን «ጉጉት» ብለው እንዲጠሩት ተደርጓል። እንዲረጋጉ ከተነገራቸው ይልቅ እነዚህ ተሽለው ተገኙ። ልባቸው ግን ያው ሲመታ ነበር።

አሁን እኔ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። በሁለቱ ውድድሮች ጠዋት ልጅቷ ቁጥሯን አይታ ነበር? ፊትዎ ላይስ አንብባው ይሆን? በዚያው በ2014 የወጣ ሌላ ሙከራ አለ። ተሳታፊዎችን መሣሪያ ላይ አስቀምጠው ለከፊሎቹ «ትናንት ጥሩ እንቅልፍ ተኝታችኋል»፣ ለከፊሎቹ «መጥፎ ነው የተኛችሁት» አሏቸው። ሁለቱም የፈጠራ ወሬ ነበር። መጥፎ ተኝታችኋል የተባሉት የአእምሮ ፈተናው ላይ ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። «ዛሬ ቁጥርሽ ወርዷል» የተባለች ሯጭ መነሻው መስመር ላይ ምን ይዛ እንደምትቆም ያስቡት። የእኔ ሕግ ቀላል ነው። በውድድር ቀን አይለካም። ለመዝገብ የግድ ካስፈለገም ውጤቱን ማንም አያይም፤ አሰልጣኙም ጭምር፣ እስከ ማታ።

ለእናንተ ዓይነት ሯጮች አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በዕረፍት ላይ ልባቸው በደቂቃ 40 አካባቢ የሚመታ አትሌቶች ላይ ቬገስ ጣሪያ ይነካል። ከዚያ በላይ ሲበረታ መለዋወጡ አይጨምርም፤ ሊቀንስም ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ለብቻው አይመልከቱ። ቁጥሩ ወርዶ የዕረፍት ልብ ምቷም አብሮ ዝቅ ካለ ብዙ ጊዜ አቋሟ እየመጣ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ወርዶ የልብ ምቷ ከፍ ካለ፣ ያውም ቀናት ከቆየ፣ ያኔ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ነው። ከፍ ማለትም ሁልጊዜ ደግ አይደለም። ከአቅም በላይ እንዲሠሩ በተደረጉ ትሪያትሌቶች (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ አጣምረው የሚወዳደሩ) ላይ ቁጥሩ ጨምሮ የተገኘበት የ2013 የፈረንሳይ ጥናት አለ። ልጅቷ ደረጃ መውጣት አቅቷት አፑ አረንጓዴ ሊያበራ ይችላል።

አለካክ ላይ አልዘገይም፣ ግን እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። ልጆችዎ 11 ሰዓት ላይ የእንጦጦን ወይም የሱሉልታን መኪና የሚጠብቁ ከሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሱ። ሽንት ቤት ደርሰው ይመለሱ። ቀበቶውን በውሃ አርጥበው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ተጋድሞ መለካት ያንን የጣሪያ ችግር ያብሰዋል። አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ይቆዩ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ይለኩ። ቡና ሳይጠጡ፣ ስልክ ሳይነካኩ፣ እንደ ልማዳቸው እየተነፈሱ። የእጅ ሰዓት ያላቸው ልጆች ቢኖሩ የሰዓቱን ቁጥር ከቀበቶው ጋር አይቀላቅሉ። ሰዓቱ የሚያየው በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም ነው፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ወይም ሲበርድ ይሳሳታል።

ከዚያ የሳምንቱን አማካይ ይያዙ። ትናንት 52፣ ዛሬ 41 ቢሆን ምንም ማለት አይደለም። የሦስት አራት ሳምንት መዝገብ ሳይኖርዎት ወረደ ወጣ አይበሉ። ልጆቹንም እርስ በርስ አያወዳድሩ። አንዱ 35 ላይ፣ ሌላው 110 ላይ ሆነው ሁለቱም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ጾም ሲገባና ሲፈታም የመብያ ሰዓት፣ እንቅልፍና ውሃ አብረው ስለሚቀያየሩ የጾሙን ወር ከጾሙ ወር ጋር ቢያስተያዩ ይሻላል።

እባክዎን ቁጥሩን የቡድኑ ቴሌግራም ላይ አይለጥፉ። የግል ጤና መረጃ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ ልጆቹ ሞኝ አይደሉም። ሰልፍ በቁጥር እንደሚወሰን ካወቁ ቀስ ብሎ በረዥሙ መተንፈስ ቁጥሩን እንደሚያስጨምር በሳምንት ውስጥ ይደርሱበታል። ከዚያ በኋላ የሚለኩት ተንኮላቸውን ነው።

ቁጥሩ ለምንም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ በተሠራ ጥናት ቁጥራቸው ደህና ሲሆን ከባድ፣ ሲወርድ ቀላል ልምምድ የሠሩ ሯጮች አስቀድሞ በተጻፈ ፕሮግራም ከሄዱት የተሻለ የፍጥነት ለውጥ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች ጥቅሙ አነስ ያለ እንደሆነ ይጠቁማሉ። የልምምድ ክብደት ለማስተካከል፣ እሺ። የልጅ ወኔ ለመመዘን ግን አይሆንም።

ወደ አተነፋፈሱ እንምጣ። የደም ግፊታችንን የሚቆጣጠር አንድ ዑደት አለ። ግፊት ሲጨምር ልብን ያዘገያል፣ ሲቀንስ ያፈጥነዋል። የአንዱ ዙር ርዝመት 10 ሰከንድ ገደማ ነው። ሰው በደቂቃ 6 ጊዜ አካባቢ ሲተነፍስ የትንፋሹ ዙርና የዚህ ዑደት ዙር ይገጥማሉ። ያኔ የልብ ምት መውጣትና መውረዱ በጣም ይሰፋል። ይህን ወደ ሕክምናና ሥልጠና ዘዴ ያመጡት ሩሲያዊው ይቭጌኒ ቫሽሎና አሜሪካዊው ፖል ሌረር ናቸው። የሚገጥመው የትንፋሽ ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል፤ አብዛኛው አዋቂ በደቂቃ ከ4.5 እስከ 6.5 ባለው ውስጥ ይገኛል።

የልጅቷን እንዲህ ይፈልጉላት። ከሰዓት በኋላ፣ ልምምድ በሌለበት ቀን፣ ቀበቶውን አድርጋ ትቀመጥ። እርስዎ ስልኩን ይያዙ። በደቂቃ 6 ተኩል ትንፋሽ ለሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 5 ተኩል፣ 5፣ 4 ተኩል፤ በየመሃሉ ትንሽ ትረፍ። የትንፋሽ ምት የሚሰጡ ነጻ አፖች ሞልተዋል። በእያንዳንዱ ላይ ስትስብ ልቧ የደረሰበትን ከፍተኛና ስታስወጣ የወረደበትን ዝቅተኛ ይጻፉ። ለምሳሌ በ6 ላይ ከ70 ወደ 58 ወርዶ፣ በ5 ተኩል ላይ ከ74 ወደ 55 ከወረደ፣ ልዩነቱ የሰፋው እዚያ ነውና የሚስማማት 5 ተኩሉ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር በገዛ ትንፋሿ ሲወጣና ሲወርድ ስታይ የሚሰማት ነገር አለ። «ልቤ አልታዘዝ አለኝ» ስትል የኖረች ልጅ ስክሪኑ ላይ ሲታዘዝ ታየዋለች። እኔ ከመሣሪያው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ከዚያ በቀን አንዴ፣ ቢቻል ሁለቴ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ትለማመድ። በአፍንጫ መሳብ፣ ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ማስወጣቱ ከመሳቡ ረዘም ይበል። አየር አታጭቅ። ካዞራት ብዙ እየሳበች ነው፤ ፍጥነቱን ሳይሆን መጠኑን ትቀንስ። አራት አምስት ሳምንት ይስጡት።

ማስረጃው ምን ያህል ነው? መጠነኛ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በሕንድ 30 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ በተሠራ ጥናት ለ10 ቀናት በየቀኑ 20 ደቂቃ የሠሩት ጭንቀታቸው ቀንሶ አጨዋወታቸው ተሻሽሏል። ከዚያ በፊት በ2005 እንግሊዝ አገር ዳንሰኞች ላይም ጥሩ ውጤት ታይቷል። ግን ጥናቶቹ ጥቂት ሰው ነው የያዙት። በ1,500 ሜትር ሰከንድ ይቀንሳል ብሎ የሚሸጥልዎትን ሰው አይመኑ።

አንድ ነገር ግን በጣም ይጠንቀቁ። ይህ ልምምድ የመነሻ መስመር ላይ ልምምድ አይደለም። የመካከለኛ ርቀት ሯጭ መሞቅ አለባት። ተኩሱ ሊሰማ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፍሬን የሚያስይዝ ትንፋሽ ውስጥ ከገባች ሰውነቷ ይቀዘቅዝባታል። ቦታው ከዋዜማው ማታ ነው፣ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ኮል ሩም፣ ሯጮች ከውድድሩ በፊት የሚሰበሰቡበት ክፍል፣ ስትገባ ስልክ አይፈቀድም፣ አፕ የለም፣ እርስዎም የሉም። እዚያ ሦስት ወይም አራት ረዣዥም ትንፋሽ ይበቃታል። ከዚያ ዘለል ዘለል፣ አጫጭር ፍጥነት፣ ሩጫ።

በመጨረሻ ወደ «እግሬ ከዳኝ» ልመለስ። ምክንያቱም ከቁጥሩ ይልቅ ይህ ቃሏ ነው የሚያሳስበኝ። ስንተኛው ዙር ላይ ነው የከዳት? ገና በመጀመሪያው 300 ሜትር ደረቷ ታፍኖ፣ ትከሻዋ ወጥቶ፣ እርምጃዋ ካጠረ የነርቭ ነገር ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ዙር ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ የዙር ሰዓቷን ይዩ። ጉጉት የያዛት ልጅ የመጀመሪያውን 400 ከአቅሟ ሁለት ሦስት ሰከንድ ፈጥና ታልፍና ዋጋውን 1,000 ሜትር ላይ ትከፍላለች። ያ የሚስተካከለው በትንፋሽ አይደለም፤ ልምምድ ላይ ሰው ገፍቶ ሲያስወጣት የራሷን ሰዓት መያዝ በመማር ነው። ሦስተኛም አለ። የሴት ሯጮች የብረት ማዕድን እጥረትና በቂ ምግብ አለመብላት ልክ እንዲህ ያለ እግር ይሰጣል። ልምምድ ላይ በራሷ ፍጥነት ስትሮጥ ሊደበቅ ይችላል። ፌሪቲን የሚባለውን፣ ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳይ የደም ምርመራ ያሠሩላት። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ወራት ከሆነውም ሳይዘገይ ሐኪም ትይ። ሩጫ ላይ እያለች ራሷን ስታ ከወደቀች፣ ደረቷን ካመማት ወይም ልቧ ድንገት ዘለል ዘለል ካለባት ደግሞ ልምምዱን አቁመው የልብ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። የስልክ አፕ ኢሲጂን፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምርመራ፣ አይተካም።

ለጊዜው እንዲህ ያድርጉ። ከውድድር ቀን በቀር የጠዋቱን መለኪያ ይቀጥሉ፣ ግን ለእርስዎ የልምምድ መዝገብ ብቻ። ከጎኑ ሦስት ጥያቄ ይጻፉ፤ እንዴት ተኛሽ፣ እግርሽ እንዴት ነው፣ ምን አሳስቦሻል። ቁጥሩ ሲወርድ መልሱን የሚያገኙት ከእነዚህ ነው። የትንፋሹን ልምምድ ዛሬ ይጀምሩላት። የሚቀጥለው ውድድር ላይ አንድ ረዳት በየ400 ሜትሩ ሰዓቷን ይያዝላት። የሁለቱን ያለፉ ውድድሮች የዙር ሰዓት ካገኙም ከደም ምርመራው ውጤት ጋር ይላኩልኝና አብረን እናየዋለን።